የቤተሰብ ጉዞ ሲመጣልሽ ከልደት ቀን ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። የጉዞ ወኪልነት ገና መጀመርሽ ነው፤ እናት፣ አባት፣ ሁለት ልጆችና አያት ለዕረፍት ሊሄዱ አንቺ ጋ መጥተዋል፤ «ከየት ልጀምር? ስንት ሆቴል ላሳያቸው? ክፍያስ እንዴት ልጠይቅ?» ብለሻል። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ደንበኞቼም በአብዛኛው ቤተሰቦች ናቸው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ሆቴሉን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ የሁሉንም ፓስፖርት ፎቶ አንስተው እንዲልኩልሽ አድርጊና የልጆቹን የልደት ቀን ከመመለሻቸው ቀን ጋር አስተያዪ። ከመሄጃቸው ጋር አይበቃም። ሕፃን ሁለት ዓመት እስኪሞላው በወላጁ ጭን ላይ መብረር ይችላል፤ በዓለም አቀፍ በረራ ብዙ አየር መንገዶች የሚያስከፍሉትም የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ሲሄድ 23 ወሩ የነበረ ልጅ እዚያው ሆኖ ሁለት ዓመት ከደፈነ ግን ለመመለሻው የራሱ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ቀድመሽ ካልነገርሻቸው ኤርፖርት ተሰልፈው ነው የሚሰሙት፤ በዚያን ቀን ዋጋ ትኬት ሲገዙ ደግሞ ስምሽን በደግ አያነሱትም። 12 ዓመት የሞላው ልጅም በአብዛኛው አየር መንገድ እንደ አዋቂ ነው የሚከፈልለት፣ እናቱ «ገና ሕፃን ነው» ብትልም።

ፓስፖርቱን ካየሽ አይቀር የሚያበቃበትን ቀንም እዪ። ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። የልጆች ፓስፖርት በብዙ ቦታ ለ5 ዓመት ብቻ ስለሚሰጥ ወላጆች የራሳቸውን አይተው «የሁላችንም ደህና ነው» ይሉሻል። በቃል አትመኚ። ከወላጆቹ አንዱ ቀርቶ ሌላው ብቻ ልጆቹን ይዞ ከሆነ የሚሄደው፣ የቀረው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል፤ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም በማይመሳሰልበት ቤተሰብ የልደት ሰርተፍኬትም ይያዝ። ወደ ሼንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ ወደሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ከሆነ የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ቢባልም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

አሁን ወደ በረራው። ብዙ አዲስ ወኪል የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፣ ርካሹ ትኬት ዓይን ይይዛል። የ55 ደቂቃ ትራንዚት የትኬት መቁረጫው ሲስተም ከፈቀደው ሕጋዊ ነው። ግን እስኪ አስቢው፤ እናት የተኛ ልጅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከአውሮፕላን ትወርዳለች፣ በር ላይ ያስረከበችው የሕፃን ጋሪ እዚያው ይመለስልኛል ብላ ትቆማለች፣ ጋሪው ግን ከሻንጣዎቹ ጋር ሄዷል፤ ትልቁ ልጅ ሽንት ቤት ይላል፣ አያት ከኋላ ቀርተዋል። ለእንዲህ ዓይነት ቡድን እኔ ከሁለት ሰዓት በታች አልይዝም። በሁለት የተለያየ ትኬት የሚቀጣጠል ጉዞማ ቢለምኑኝም አልቆርጥም፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ምንም ግዴታ የለበትም።

አያትን በሚመለከት ልጃቸውን ብቻ አትጠይቂ። እሳቸው ደግሞ «ደህና ነኝ፣ እሄዳለሁ» ነው የሚሉት። «ደረጃ ይወጣሉ? ሳያርፉ ምን ያህል ይራመዳሉ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የዊልቸር ጥያቄ ኮዱ ይለያያላ፤ ደብሊው ሲ ኤች አር ደረጃ ለሚወጣ ግን ረጅም መንገድ ለማይችል፣ ደብሊው ሲ ኤች ኤስ ደረጃ ለማይችል፣ ደብሊው ሲ ኤች ሲ እስከ መቀመጫው ድረስ እርዳታ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ከበረራው 48 ሰዓት በፊት አስገቢው።

ሆቴል ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት አሳዪ። አሥር ካሳየሽ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ አንቺም መሃል ትገቢያለሽ። «ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች» እና «በውስጥ በር የሚገናኙ ክፍሎች» አንድ አይደሉም፤ የውስጥ በሩን ከፈለጉ ሆቴሉ በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ፣ «እንሞክራለን» ማረጋገጫ አይደለም።

ክፍያውን አትፈሪው። የሆቴል ኮሚሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስሽ እንግዳው አርፎ ከወጣ በኋላ ነው፤ ጉዞው ከተሰረዘ የለም። ከትኬቱም ብዙ አትጠብቂ፤ የአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች መሠረታዊ ኮሚሽን ማቆም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፣ ሌሎችም ተከትለዋል። ስለዚህ የአገልግሎት ክፍያ እንዳለሽ በመጀመሪያው ንግግር፣ ፕሮግራም ሳትልኪላቸው ተናገሪ። እኔ ከፊሉን ቀድሜ እቀበላለሁ፤ በእኔ በኩል ካስያዙ ከጠቅላላ ሂሳቡ ላይ እቀንስላቸዋለሁ፣ ፕሮግራሙን ይዘው ራሳቸው ቡክ ካደረጉ ግን የደከምኩበት ሆኖ ይቀራል።