የአክርማዋ ወፍ አንገቷ ለምን ዘመመ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አያቴ የሣር ስፌት ስትሰፋ እያየሁ ነው ያደግኩት። ለልጄ ከአክርማና ከስንደዶ ወፍ ልሰፋላት ብዬ ሣሩን ራሴ ለቅሜ በዚያው ቀን ጀመርኩ። በሳምንቱ ስፌቱ ላልቶ የወፏ አንገት ዘመመ። ክንፏን በተረፈው ደረቅ ስንደዶ ልጨርስ ስል ደግሞ ሳጥፈው ቀጭ ቀጭ እያለ ተሰበረብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ አይዞሽ የኔ እህት፣ ቸኩለሽ ነው። እርጥብ ሣር ሲደርቅ ይከሳል፣ አንቺ ያጠበቅሽው ስፌትም አብሮ ይላላል። መጀመሪያ ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ስንደዶውን ሰንጥቀሽ፣ ልትሰፊ ስትይ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጊው፤ እንደ ክር ይታዘዝልሻል፣ የተሰበረብሽም ሳይነከር ስለታጠፈ ነው። አክርማው ውስጥ ይገባል፣ ስንደዶው ከላይ ይጠቀልለዋል፣ ቀዳዳውን በወስፌ ትከፍቻለሽ፤ ይህን ከአያትሽ አይተሻል።

ግን እውነቱን ልንገርሽ? ወፍ ለጀማሪ ከባድ ናት፤ አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ሰፊ። በቀንድ አውጣ ጀምሪ። የኛ ስፌት ራሱ እየተጠመጠመ የሚያድግ ስለሆነ ዛጎሉ ራሱን በራሱ ይሠራል ማለት ይቻላል፣ መጨረሻ ላይ ጫፉን ወደ ውጭ አውጥተሽ አንገት ታደርጊዋለሽ። ቀጥሎ ኤሊ፤ የተደፋች ትንሽ ሙዳይ ማለት ናት፣ ጀርባዋን በአለላ፣ ማለት ቀለም በተነከረ ስንደዶ፣ ብታዥጎረጉሪው ልጅሽ ከእጇ አታወርዳትም። ብቻ ስፌቱን እርጥብ እንዳለ ፌስታል ውስጥ እንዳትከቺው፣ ይሻግታል።