ፍሬኑ የተጣበቀ ትሬለር፣ «ኦፐሬት» የምትል ቃል እና የሾፌሩ ሥራ፦ ጥያቄና መልስ

(ከመጨረሻው የኢትዮጵያ አዋጅ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ትራክ የምንነዳ ሰዎች የትራንስአም የጭነት ኩባንያውን ሾፌር ጉዳይ ደጋግመን እንሰማለን። በእርግጥ የሆነው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጃንዋሪ 2009፣ ኢሊኖይ፣ ኢንተርስቴት 88። ነዳጁ ሊያልቅ የተቃረበ ሾፌር ኩባንያው ያዘዘውን ማደያ አጥቶ ዳር ያዘ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሊነሳ ሲል የትሬለሩ ፍሬን በብርዱ ተጣብቆ አልላቀቅ አለው። በሀበሻ ሰዓት ከምሽቱ 5:17 ለኩባንያው የመንገድ እርዳታ ደወለ። የጋቢናው ማሞቂያም አይሠራም። እንቅልፍ ወሰደው፤ 7:18 ላይ ዘመዱ ደውሎ ሲቀሰቅሰው ምላሱ ተሳስሯል፣ ሰውነቱ ደንዝዟል፣ እግሩ አይሰማውም። እንደገና ደወለ፤ ታገሥ ተባለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቆ ትሬለሩን ፈታ። አለቃው የሰጠው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፦ ፍሬኑ የያዘውን ትሬለር እየጎተትክ ሂድ፣ ወይም እዚያው ቆይ። ሾፌሩ በትራኩ ብቻ ሄደ። ጠጋኙ የመጣው እሱ ከሄደ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ሾፌሩም ተመልሶ ትሬለሩን ወሰደ፤ ግን ሳምንት ሳይሞላው ጭነት ጥለሃል ተብሎ ተባረረ።

ጥያቄ፦ ቀስ ብሎ ቢጎትተው ምን ይመጣ ነበር?

መልስ፦ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሮው (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ከበሮ) ጋር ከተጣበቀ ጎማው አይዞርም፤ ይንሸራተታል። አስፋልት ላይ በአንድ በኩል ተፍቆ ይፈነዳል፤ በረዶ ላይ ደግሞ ትሬለሩ ወደ ጎን ይጠርግሃል። በከፊል ከያዘ ይግላል፣ እሳትም ያስነሳል።

ጥያቄ፦ ዳኞቹ ታዲያ በምን ተለያዩ?

መልስ፦ ጉዳዩ ኦገስት 2016 በ10ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሲወሰን፣ ጠቡ «ኦፐሬት» (መንዳት ብቻ ወይስ በጠቅላላው መጠቀም?) በምትል አንዲት ቃል ላይ ነበር። የ1982ቱ የየብስ ትራንስፖርት ሕግ፣ ክፍል 31105፣ በመኪናው አደገኛ ሁኔታ የተነሳ ከባድ ጉዳት ይደርሳል ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ስጋት ስላደረበት «ኦፐሬት አላደርግም» ያለ ሾፌር እንዳይባረር ይከለክላል። ኒል ጎርሰች (ያኔ የዚያ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር) መዝገበ ቃላቱን ይዞ ቀረበ፦ ሰውየው ቆይ ሲባል ነዳ፤ አልነዳም አላለም፤ ስለዚህ ሕጉ አይሸፍነውም። የኩባንያው ትእዛዝ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለውን መመዘን የእኛ ፋንታ አይደለም የሚል አቋም ነው። ሁለቱ ዳኞች ግን ኮንግረስ ቃሉን ስላልተረጎመው የሌበር ዲፓርትመንት (የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ) ትርጉም ሚዛን ይደፋል አሉ፤ መኪናውን አለቃው ባዘዘው መንገድ አልጠቀምም ማለትም እምቢታ ነው። ሾፌሩ 2 ለ 1 ረታ።

እንደኔ ከሆነ ጎርሰች በራሱ ሜዳ ላይም መሸነፍ ነበረበት። ሕጉ «የንግድ ተሽከርካሪ» ሲል የሚጎተተውንም ይጨምራል። ትሬለሩን አልጎትትም ያለ ሰው እኮ ተሽከርካሪ ኦፐሬት አላደርግም ብሏል። ሰዎች ይህን ክርክር የርኅራኄና የፊደል ጠብ አድርገው ያወራሉ፤ ፊደሉም ግን እስከ ዳር ሲነበብ ለሾፌሩ ያደላል።

ጥያቄ፦ ዳኞች ለመሥሪያ ቤት ትርጉም ማድላት በ2024 ቀረ ሲባል ሰምቻለሁ። ፍርዱ ዋጋ አለው?

መልስ፦ ልክ ነህ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 2024 የሼቭሮን መርህ የሚባለውን ሽሮታል። በዚያው ውሳኔ ግን በአሮጌው መርህ የተሰጡ ፍርዶች በዚህ ምክንያት ብቻ እንደማይፈርሱ ተናግሯል። ኮሎራዶ፣ ካንሳስ፣ ዩታ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ኦክላሆማ እና ዋዮሚንግ በ10ኛው ወረዳ ሥር ናቸውና ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ልትጠቅሱት ትችላላችሁ። ሌላ ወረዳ ያለ ዳኛ ግን እንደ ጎርሰች ቢያነበው የሚያግደው የለም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ሌሊት ቢገጥመኝ ምን ልበል?

መልስ፦ ፊደል ቆጣሪ ዳኛ ቢገጥምህም እንድትረታ አድርገህ ተናገር። መጀመሪያ ብልሽቱን በስሙ ጥራ፦ «የትሬለሩ ፍሬን ተጣብቋል፣ ማሞቂያ የለም፣ እግሬ አይሰማኝም።» ብልሽትን ማሳወቅ በራሱ የሚጠበቅ መብት ነው፤ ከእምቢታው የተለየ ሁለተኛ በር ይከፍትልሃል። ቀጥሎ እንዲጠግኑልህ ጠይቅ። ሕጉ እምቢተኛውን የሚጠብቀው ጠይቆ ካጣ ነውና ይህን የዘለለ ብዙ ሰው ይወድቃል። ከዚያ «በዚህ ሁኔታ ይህን ትሬለር አልነዳም» በል፤ «ልሄድ ነው» ብቻ አትበል። ስልክ ብትደውልም ያልከውን ወዲያው በቴክስት ድገመው፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። ፍሬኑን፣ የሙቀት ማሳያውንና የነዳጁን ጌጅ ፎቶ አንሳ። ሰውነትህ ከደነዘዘ ግን ዲስፓቸር (የኩባንያውን ሥራ መዳቢ) አትጠብቅ፤ 911 ደውል።

ጥያቄ፦ እኔ 1099 (በኮንትራት የምሠራ) ነኝ፣ ትራኩም የራሴ ነው። ይመለከተኛል?

መልስ፦ አዎ። ሕጉ ራሱ የሚነዳውን ኮንትራክተር በግልጽ ጨምሯል። ዕቃ የሚጭን መኪና ግን በአብዛኛው ክብደቱ ቢያንስ 10,001 ፓውንድ መሆን አለበት፤ በትንሽ መኪና ዕቃ የምታደርሱ በአብዛኛው ውጭ ናችሁ።

ጥያቄ፦ አቤቱታ የት፣ በስንት ቀን? እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

መልስ፦ ለኦሻ (የሥራ ደኅንነትን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት)፣ በ180 ቀን ውስጥ። በቃልም በጽሑፍም ይሆናል፤ እንግሊዝኛ ካልቻልክ በአማርኛም ይቀበላሉ፣ ደንቡ በማንኛውም ቋንቋ ይላል። ኦሻ ውድቅ ቢያደርገው በ30 ቀን ውስጥ ተቃውመህ የአስተዳደር ዳኛ ፊት ቅረብ። የትራንስአሙንም ሾፌር ኦሻ መጀመሪያ አሰናብቶት ነበር፤ የረታው ከዚያ በኋላ ነው። በ210 ቀን የመጨረሻ ውሳኔ ካልተሰጠህና መዘግየቱ ባንተ ጥፋት ካልሆነ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መውሰድ ትችላለህ። ከረታህ ወደ ሥራ መመለስ፣ ያለፈ ደሞዝ ከወለዱ ጋር፣ እስከ 250,000 ዶላር ድረስም መቅጫ ካሳ አለ። ደንብ ጥሰህ ንዳ ብሎ ያስፈራራህ ዲስፓቸር ወይም ብሮከር (ጭነት አገናኝ) ከሆነ ደግሞ ለብቻው ለኤፍኤምሲኤስኤ (የጭነት መኪና ደኅንነትን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) በ90 ቀን ማመልከት ይቻላል።

ጥያቄ፦ እኔ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሾፌር አይደለሁም።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ቀን በጣም አጭር ነው፤ በጠቅላላው የኦሻ ሕግ 30 ቀን ብቻ። መብቱ ራሱ የጸናው በ1980 በዊርልፑል ኩባንያ ጉዳይ ነው። ሁለት ሠራተኞች፣ ባልደረባቸው ወድቆ ከሞተበት የሽቦ መረብ ላይ አንወጣም ብለው ተቀጡ። ሕጉ ውስጥ «እምቢ ማለት ይቻላል» የሚል ቃል አልነበረም፤ ደንቡ ውስጥ ግን ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሙሉ ድምፅ ደንቡን አጸደቀ። አሠሪው ግን ያልሠራሽበትን ሰዓት እንዲከፍል አይገደድም። ደንቡ የሚጠይቀው የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋ፣ ተቆጣጣሪ ለመጥራት ጊዜ አለመኖሩን እና ከተቻለ አሠሪውን ጠይቆ ማጣትን ነው።

ጥያቄ፦ አገር ቤትስ እንዲህ ያለ ሕግ አለ?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 32 አሠሪው ተነግሮት ያላስወገደው፣ ደኅንነትን ወይም ጤናን የሚያሰጋ አደጋ ካለ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ግን ልብ በል፤ ይህ አንቀጽ የሚፈቅደው ሥራውን መልቀቅን ነው፣ የአሜሪካው ደግሞ ሳትባረር እምቢ ማለትን።