48 ለ46፣ ታዲያ ማን እየመራ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የምርጫ ጥናት ምክንያት ከወንድሜ ጋር ተጨቃጨቅን። 1,000 ሰው ተጠይቆ አንዱ እጩ 48፣ ሌላው 46 በመቶ አግኝቷል። ወንድሜ «በቃ፣ አለቀለት» ይላል። እኔ ደግሞ በ1,000 ሰው የሚሊዮኖች ሐሳብ እንዴት ይታወቃል ባይ ነኝ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ሁለታችሁም ስታችኋል። ከእርስዎ ልጀምር። ሰዎቹ በትክክል በዕጣ ከተመረጡ 1,000 በቂ ነው፤ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ 3 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ይህን በግማሽ ለመቀነስ 4,000 ሰው መጠየቅ ስለሚጠይቅ ብዙዎቹ አጥኚዎች እዚያው አካባቢ ያቆማሉ።

ከብዛቱ ይልቅ ማን ተጠየቀ የሚለው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዝዳንታዊ ምርጫው ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ ከለቀመባቸው ቦታዎች ዋናዎቹ የስልክ ማውጫና የመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበሩ፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ አስቡት። ወረቀቱ ከደረሳቸውም አብዛኞቹ አልመለሱም። ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ግን በጣም ያነሰ ሰው ጠይቆ አሸናፊውን አገኘው።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። 48 ማለት ከ45 እስከ 51 የትም ሊሆን ይችላል። 46ም ከ43 እስከ 49። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የራሱ ህዳግ አለው፣ ወደ 6 ነጥብ የሚጠጋ። በ2 ነጥብ «አለቀለት» አይባልም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ህዳጉ የማይነግረን ነገር ነው። ህዳጉ የዕጣውን ዕድል ብቻ ነው የሚለካው፤ ስልክ ያላነሳውን ሰው አያውቀውም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1997 ከደወለላቸው 36 በመቶው ይመልሱለት ነበር፣ በ2018 ግን 6 በመቶ ብቻ። አጥኚዎች ይህን በማመዛዘን ያስተካክላሉ፦ ወጣቶች ከሕዝቡ 30 በመቶ ሆነው ከመላሾቹ 15 ብቻ ከሆኑ፣ የእያንዳንዱ ወጣት መልስ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ግን ምኑን ማመዛዘን እንዳለባቸው ካልያዙት ጉድ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ብዙ የግዛት ጥናቶች የትምህርት ደረጃን ሳያመዛዝኑ ቀሩ፤ የተማረው ቶሎ ስለሚመልስ የትራምፕ ድምፅ ከእውነተኛው አንሶ ታየ።

የጥያቄው ቃልም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካውያን ዴሞክራሲን የሚቃወም ንግግር «ይከልከል?» እና «ይፈቀድ?» ተብለው ለየብቻ ተጠየቁ። «አይፈቀድ» ያለው «ይከልከል» ካለው በብዙ በለጠ። ነገሩ ያው አንድ ነው፣ «መከልከል» የሚለው ቃል ግን ይከብዳል።

ስለዚህ ጥያቄው ቃል በቃል የተጻፈበትን ገጽ ፈልጉ። ማን ከፍሎ እንዳስጠናው፣ መቼና በምን መንገድ እንደተጠየቀም እዩ። እነዚህን የማያሳይ ጥናት ከሆነ፣ እኔ ብሆን 48ቱንም 46ቱንም አላምንም።