ሎሽኑ ላይ ያለውን አንብበዋል፤ ቲዩቡ ላይ ያለውንስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ልጄ 9 ወሯ ነው። ጉንጮቿና የክንዷ እጥፋት እየቀላ ይሻክራል፤ ማታ ማታም ታካለች። የምቀባት አሜሪካ ያለችው እህቴ የላከችልኝን የሕፃናት ሎሽን ነው። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ አንዷ «ፓራቤን ያለበት ሎሽን ካንሰር ያመጣል» ስትል ሰማሁና ጠርሙሱን ሳየው አለበት። ማንበብ የሚያቅተኝ ሌላም ብዙ ነገር ተጽፎበታል። እንቅልፍ አጣሁ። ሎሽኑ ብቻውን ስላልያዘላት ጎረቤቴ የሰጠችኝን የቲዩብ ክሬም ቀላቅዬ ነው የምቀባት። ሁለት ወር ሆነን፤ እሱ ይስማማታል፤ ሳቆመው ግን ይብስባታል። ሎሽኑን ልጣለው? እስካሁን የቀባኋትስ ጎድቷት ይሆን?
የ9 ወር ሕፃን እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይረጋጉ። ጥያቄዎ ስለ ጠርሙስ ይመስላል እንጂ የሚያስጨንቅዎ ሌላ ነው፤ «ልጄን በገዛ እጄ መርዤያት ይሆን?» ነው። በሎሽኑ አልመረዟትም። በእሱ በኩል ዛሬ ማታ ይተኙ። ስለ ቲዩቡ ግን በኋላ እንነጋገራለን፤ እዚያ ላይ እንደዚህ ለስላሳ አልሆንም።

ፓራቤን ሎሽን እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር ነው። ሎሽን ውስጥ ውሃ አለ። ውሃ ያለበት ነገር ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ጣት ሲነካው፣ ሻጋታና ባክቴሪያ ያበቅላል። እውነቱን ለመናገር የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ የተበላሸ ሎሽን መቀባት ከፓራቤኑ ይልቅ ያስፈራኛል። የካንሰሩ ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር ከወጣ አንድ ትንሽ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ20 የጡት ዕጢዎች የተወሰዱ ናሙናዎችን መርምረው ፓራቤን አገኙባቸው። ዕጢው ውስጥ ተገኘ ማለት ዕጢውን አመጣው ማለት አይደለም። ጤነኛ የጡት ሥጋም አብረው መርምረው አላነጻጸሩም። ቲክቶክ ላይ ይህቺ ክፍል አትነገርም።

እውነተኛ ጥንቃቄም ግን አለ፤ አልደብቅዎትም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ፕሮፒልፓራቤንና ቡቲልፓራቤን የሚባሉት ሁለቱ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለዳይፐር ቦታ ተብለው በሚሠሩ፣ ተቀብተው በማይታጠቡ ቅባቶች ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏል። ዳይፐር ሥር ቆዳው እርጥብና የታፈነ ነው። ከተላጠ ደግሞ የተቀባው ነገር ወደ ሰውነት በቀላሉ ይሰርጋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ እነዚህን ሁለት ስሞች ካዩ ዳይፐር ሥር አይቀቡት። ሜቲልፓራቤን ወይም ኤቲልፓራቤን ከሆነ በተፈቀደው መጠን አያስጨንቅም።

እኔን ከፓራቤን ይልቅ የሚያሳስበኝ ሽቶው ነው። ዝርዝሩ ላይ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» ተብሎ ይጻፋል። ሕፃን ሽቶ ሽቶ ካላለ ያልታጠበ የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ እንደ ልጅዎ ያለ ቆዳ ግን ሽቶን አይወድም። ሌላው ሜቲልአይሶታያዞሊኖን የሚባል ረጅም ስም ያለው መከላከያ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተቀብተው ከማይታጠቡ መዋቢያዎች አስወጥታዋለች፤ በካንሰር ሳይሆን ብርቱ የቆዳ አለርጂ ስለሚያስነሳ ነው። የኦቾሎኒ ዘይት ያለበትንም ይተዉት፤ በተላጠ ቆዳ የገባ የምግብ ዘይት በኋላ የምግብ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። ቪክስና ካምፎር ያለበት ማንኛውም ቅባት ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም። ካምፎር ወደ ሰውነት በብዛት ከገባ ሕፃን ያንቀጠቅጣል። ፓውደርም አያስፈልግም፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የተቀሩት፣ ግሊሰሪን፣ ፓራፊን፣ ዳይሜቲኮን፣ ሴራማይድ፣ ፌኖክሲኤታኖል፣ ስማቸው ነው እንጂ የሚያስፈራው ለልጅዎ ችግር የላቸውም። ቫዝሊንም «የነዳጅ ተረፈ ምርት ነው» እየተባለ ይወራበታል። ከነዳጅ መምጣቱ እውነት ነው፤ ተጣርቶ የሚመጣው ግን ለሕፃን ቆዳ ካሉን ርካሽና አስተማማኝ ቅባቶች አንዱ ነው።

ሎሽኑ ይሄው ነው። አሁን ወደ ቲዩቡ።

ለሎሽኑ እንቅልፍ አጥተዋል፤ የቲዩቡን ግን ስሙን እንኳ አልነገሩኝም። ሲቀቡት በሁለት በሦስት ቀን ድርግም የሚያደርግ፣ ሲያቆሙት ብሶ የሚመለስ ክሬም ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስቴሮይድ፣ የቆዳን መቅላትና ማሳከክ ቶሎ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ነው። አሁኑኑ ይነሱና ቲዩቡን ያንብቡ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን ወይም ዴክሳሜታሶን ይላል? አንዳንዱ ቲዩብ ከእነዚህ አንዱን ከፈንገስ መድኃኒትና ከአንቲባዮቲክ ጋር ደርቦ ይይዛል። ሻጩም «ለሁሉም ይሆናል» ይላል። ለሁሉም የሚሆን ክሬም የለም። (ክሎትሪማዞል ወይም ኬቶኮናዞል ብቻ የሚል ከሆነ የፈንገስ ነው፣ ስቴሮይድ አይደለም። ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይደናገራል።)

ስቴሮይድ ክሬም በራሱ ጠላት አይደለም። እኔም ለሕፃናት አዝዛለሁ፤ ደካማውን፣ እንደ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ያለውን፣ ለጥቂት ቀን፣ በስሱ፣ የታመመው ቦታ ላይ ብቻ። እርስዎ ግን ከሎሽን ጋር ቀላቅለው የታመመውንም ጤነኛውንም ገላ ለሁለት ወር ቀቡት። በሎሽን ሲቀጥን የሚለዝብ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል፤ በሰፊ ገላ ላይ ስለሚዳረስ ወደ ውስጥ የሚገባው ድምሩ ይጨምራል። የሕፃን ቆዳ ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ስስም ነው። ዳይፐር ሥር ከተቀባ ደግሞ ታፍኖ የበለጠ ይሰርጋል። ክሎቤታሶል የሚባለው በጥንካሬው የመጨረሻው እርከን ላይ ያለ ነው። ለአዋቂ እንኳ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በላይ አንሰጠውም።

ምን ያደርጋል? ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉን። ሰውነት ሲታመም፣ ሲራብ፣ ሲደነግጥ ደግፎ የሚያቆመውን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የክሬሙ ስቴሮይድ የዚሁ የኮርቲሶል ዓይነት ስለሆነ በቆዳ በኩል በየቀኑ ሲገባ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ይተዋሉ። ከውጭ እየመጣ ለምን ይልፉ? ችግሩ የሚመጣው ክሬሙ ድንገት ሲቋረጥ ወይም ልጅቷ ትኩሳትና ተቅማጥ ሲይዛት ነው። ሰውነቷ ኮርቲሶል ይፈልጋል፤ ዕጢዎቹ ግን የሉም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የማይለቅ የሰፈር እምነት አለ፤ ሳልናገር አላልፈውም። ስቴሮይድ የበዛበት ሕፃን ፊቱ ክብ ይሆናል፣ ጉንጩ ይነፋል፣ ሰውነቱ ይሞላል። እኛ ጋ ይሄ ምስጋና ነው! «ውይ እንዴት ወፍራለች፣ ቅባቱ ተስማምቷታል» ይባላል። አያት ትደሰታለች፣ ጎረቤት «ምን ቀባሻት?» ብላ ቲዩቡን ትዋሳለች። በዚህ መልኩ አንድ ቲዩብ ሦስት ቤት ይዞራል። ጉንጯ ሞልቶ ቁመቷ ግን ካልጨመረ ውፍረቱ ጤና አይደለም። ስለዚህ የክትትል ካርዷን ያውጡ። ክብደቷ ከወትሮው ፈጥኖ ሽቅብ ወጥቷል? ቁመቷስ ባለበት ቆሟል? ጉንጯና ግንባሯ ላይ ድሮ ያልነበረ ጠጉር አለ? ቆዳዋ ሳስቶ ደም ሥሩ ይታያል? አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወይም ዳይፐር ሥር ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ፈንገስ አለ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ነው። አንዱም ባይኖር መሄዱ አይቀርም።

ቲዩቡ ስቴሮይድ ከሆነ ደንግጠው ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጥሉት። የሁለት ወሩን በአንድ ቀን በራስዎ አያቁሙ። ነገ ጠዋት ልጅቷንም ቲዩቡንም ይዘው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀንሱት ሐኪሙ ይነግርዎታል፤ ካስፈለገም ኮርቲሶሏን በደም ምርመራ ያያል። አቁመውት ከሆነና ልጅቷ ካስመለሳት፣ ጡት እምቢ ካለች፣ ከወትሮው ውጭ ከፈዘዘችና አልነቃ ካለች፣ ላብ ላብ ካላት ወይም ከተንቀጠቀጠች ነገን አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷትና በሩ ላይ «ሁለት ወር ስቴሮይድ ክሬም ስትቀባ ነበር» ይበሉ። ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ካልተናገሩ ሐኪሙ ተራ ትውከት ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። አፍረው እንዳይደብቁ። አባቷም፣ አያቷም፣ ልጅቷን የሚጠብቅ ሁሉ ይህን ይወቅ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ለምን ሁለት ወር? ከተማችሁ ሆስፒታል አለው፣ ጤና ጣቢያም አለው። የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቷን ለማስከተብ መሄድዎ አይቀርም፤ ለነርሷ እግረ መንገድዎን ማሳየት ምን ይከብድ ነበር? የጎረቤት መድኃኒት ለጎረቤት ልጅ የታዘዘ ነው። ምናልባት ለእሷም አልታዘዘም።

ይሄን ካልኩ ላረጋጋዎት። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ልጆች ክሬሙ በሥርዓት ሲቀነስ ዕጢዎቻቸው ተነሥተው ሥራቸውን ይጀምራሉ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይድናሉ።

ዋናው በሽታዋ ከገለጻዎ ችፌ ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜ ጉንጭን የሚወደው እሱ ነው፤ የክንድ እጥፋትንም ሊይዝ ይችላል። ምች አይደለም፣ ጥርስ እያወጣች ስለሆነም አይደለም (ለሀጯ ጉንጯን ማቃጠሉ እውነት ቢሆንም)። ችፌ ይመላለሳል፤ ብዙዎቹ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይቀልላቸዋል። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ግን ይህን ይመልሱ፦ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ማታ ማታ ያካል? ካለ እከክ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ይታከማል። ስቴሮይድ ደግሞ እከክን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

የእርስዎ አገር ብርድና ደረቅ አየር ለችፌ መጥፎ ነው። በሞቀ ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠቧት። ውሃው ውስጥ ዴቶል ጠብ ማድረግ ይቅር። ሽቶ የሌለው ሳሙና፣ እሱም በትንሹ። በፎጣ አይፈትጓት፣ ጫን ጫን አድርገው ያድርቋትና ገላዋ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ይቀቧት። ቀን ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ብዙ ሰው በጣት ጫፍ ቀብቶ «አልሠራም» ይላል፤ ይብዛ፣ ርካሽ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ዝናው የታወቀ ነው፤ ሱፉ ግን ቆዳዋን በቀጥታ አይንካ፤ ከሥር የጥጥ ልብስ ይሁን። አትከናንቧት፣ ላብም ያሳክካል። ጥፍሯን ይቁረጡ። ቦታው ቢጫ ቅርፊት ካበጀ፣ ውሃ ካወጣ ወይም ትኩሳት ካላት ኢንፌክሽን ገብቶበታልና ያን ቀን ይታይ።

ለጋ ቅቤስ የሚሉ አያት ይኖራሉ፤ ገና ሳይጠይቁኝ ልመልስ። በጤነኛ ቆዳ ላይ ብዙ አልጣላም። በተላጠና በቆሰለ ቆዳ ላይ ግን አይሆንም፤ ንጽሕናው አይታወቅም፣ የወተት ፕሮቲንም አለው። አፍንጫ ውስጥ መጨመር ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ቅቤም ዘይትም ወደ ሳንባ ከወረደ የማይለቅ የሳንባ ምች ያመጣል።

ሌላም አለ። እርስዎስ ፊትዎን የሚቀቡት ምንድን ነው? የሚያቀላ ክሬም ከሆነ ሜርኩሪ ወይም ያው ክሎቤታሶል ሊኖርበት ይችላል። ሲያቅፏትና ሲስሟት ወደ እሷ ይተላለፋል፤ በትራስና በፎጣም ጭምር። ሜርኩሪ የልጅን ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል። ያቁሙት፤ ለሐኪሙም ሳያፍሩ ያሳዩት።

የእህትዎን ሎሽን አይጣሉት። ሽቶ ወይም ከላይ ይቅር ያልኩት ሌላ ነገር ካለበት ለእርስዎ እጅ ይሁን፤ ከሌለበት ለልጅዎ ይቀጥሉ። ጎረቤትዎን ደግሞ ቲዩቡን ከየት እንደገዛችውና የራሷን ልጆች ትቀባቸው እንደሆነ ይጠይቋት። የምትቀባቸው ከሆነ እሷም በራሷ ድንገት አታቁም፤ ነገ አብራችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ።