ኮምፒውተርህን ካርቶን ላይ ሳታስነሳው ኬዝ ውስጥ አታስገባው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ የምገጥመው ኮምፒውተር ዕቃ ተሟልቶልኛል ግን ኬዝ (ሳጥኑ) ውስጥ ከመግጠሜ በፊት ውጪ ላይ አስነስተህ ሞክር ብለውኛል፣ ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋናውን ቦርድ) ጠረጴዛ ላይ አድርጌ መብራት ብሰጠው አይቃጠልብኝም ወይ፣ እጅ ላይ የሚታሰረው የስታቲክ (ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኮረንቲ) ማሰሪያም የለኝም ነው ያልከው። አይቃጠልም፣ አይዞህ። እኔ ከመጀመሪያው በስተቀር የገጠምኳቸውን በሙሉ እንደዛ ነው ያስነሳኋቸው፣ ማሰሪያውንም እስከዛሬ ገዝቼው አላውቅም።

የመጀመሪያውን ግን ልንገርህ። ሁሉንም ኬዝ ውስጥ ገጥሜ፣ ገመዱን በስነስርአት አስሬ፣ መስታወቱን ሁሉ ዘግቼ ነው ያበራሁት። ፋኑ አንዴ ቅንጥብ አለና ቆመ። ደግሜ ብጫነው ያው ነው። ፓወር ሰፕላዩ (ለዕቃው ኮረንቲ የሚሰጠው ሳጥን) ነው ብዬ ተሸክሜ ሱቅ ሄድኩ፣ ቀየሩልኝ፣ ያው፣ ከዛ ራሙ (ሚሞሪው) ነው ተባለ፣ እሱም ያው፣ ሶስት ቀን እንደዚህ ስመላለስ ከርሜ መጨረሻ ላይ አንድ ጓደኛዬ መጥቶ ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥቶ ካርቶኑ ላይ ሲያስቀምጠው ወዲያው ተነሳ። ለካ ኬዙ ላይ ማዘርቦርዱ የሚቀመጥባቸው የነሐስ እግሮች አሉ አይደል፣ እነሱ የተደረደሩት ለትልቁ ቦርድ ነው፣ የኔ ደግሞ ትንሹ ማይክሮ ነው፣ አንዷ እግር ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ከስር ነክታው ሾርት እያደረገች ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ሾርቱን ሲያይ ራሱን ያጠፋል፣ ጥሩነቱ እሱ ነው እንጂ ቦርዱ ይሄድ ነበር። ውጪ ሞክር የሚባለውም ለዚህ ነው፣ ውጪ ሰርቶ ውስጥ እምቢ ካለ ጥፋቱ አገጣጠም ላይ ነው፣ ውጪም እምቢ ካለ ዕቃው ላይ ነው፣ ሱቅ ሄደህ ስትከራከርም አፍህን ሞልተህ ነው።

ማስቀመጫው የማዘርቦርዱ የራሱ ካርቶን በቂ ነው። ማዘርቦርዱ ተጠቅልሎ የመጣበት ብርማ ፌስታል ላይ ግን አድርገህ እንዳታበራው፣ እሱ ዕቃ ለማጓጓዝ እንጂ ኮረንቲ ያለው ቦርድ ለመሸከም አይደለም፣ አንዳንዱ ላዩ ራሱ ኮረንቲ ሊያስተላልፍ ይችላል። አልጋ፣ ምንጣፍ፣ ሶፋ ላይም አይሆንም።

ስታቲክን በተመለከተ፣ በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ ማታ ሹራብ ስታወልቅ ጣጣ ጣጣ የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ ሹራቡን አውልቅ፣ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ ስራ፣ ዕቃ ከመንካትህ በፊት ደግሞ የፓወር ሰፕላዩን ብረት ንካ። ዩቲዩብ ላይ ሶኬቱ ላይ ሰክተህ ማብሪያውን አጥፍተህ ብረቱን ንካ ይሉሃል፣ ልክ ናቸው፣ ግን እሱ የሚሰራው ሶኬቱ የምር ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ) ካለው ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ ስንቱ ሶኬት ነው ሶስተኛው ቀዳዳ ለይስሙላ የሆነው። ዲቫይደሩም ባለሁለት ከሆነ ያው ነው። ኧርዝ በሌለበት ኬዙን ስትነካው ነዘር ሲያደርግህ አይተህ ይሆናል፣ እሱ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፣ ውስጡ ያለው ፊልተር ከፌዙም ከኒውትራሉም ወደ ብረቱ ስለሚያያዝ ብረቱ ላይ የ220ው ግማሽ አካባቢ ቮልት ይንሳፈፋል፣ ከሚያልፈው ኮረንቲ ማነስ የተነሳ ነዘር ብቻ ነው ሚያደርገው። እንደዛ ከሆነብህ ገመዱን ከግድግዳው ሙሉ በሙሉ ንቀልና ነው ዕቃ የምትሰካው የምትነቅለው፣ ብረቱን ግን በየመሃሉ እየነካህ።

መጀመሪያ የምትገጥመው ትንሹን ብቻ ነው። ፕሮሰሰር፣ ኩለር (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ)፣ አንድ ራም፣ ትልቁ ባለ24 ገመድና ፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚገባው ባለ8፣ በቃ። ኤስኤስዲውም (ፋይል ማስቀመጫው)፣ ሁለተኛው ራምም፣ አርጂቢ የሚባለው ጌጥ መብራት ምናምኑም ይቆዩ። ራም መግቢያው አራት ከሆነ አንዱን ራም አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥር ሁለተኛው ላይ ነው የምታስገባው፣ ማኑዋሉን አንዴ ገልጠህ እይ። የኩለሩን ፋን ገመድ እንዳትረሳ፣ ከኩለሩ ስር ያለችውን ፕላስቲክም ላጣት (እየሳቅክ ይሆናል ግን ስንት ሰው ነው እሷን ሳያነሳ ሙቀቱ 95 ደረሰ ብሎ እዚህ የጻፈው)። ፓወር ሰፕላይህ ገመዱ የሚነቃቀል አይነት ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ስለገባልህ ብቻ እንዳትሰካ፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው አሰላለፍ ከብራንድ ብራንድ ይለያያል፣ ዕቃ ያቃጥላል። ያገለገለ ወይ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከኋላው 115/230 የምትል ቀይ መቀየሪያ ካለችው 230 ላይ መሆኗን ሳታይ እንዳትሰካ፣ 115 ላይ ከሆነች ጧ ነው የሚለው።

ስክሪን ጉዳይ፣ ፕሮሰሰርህ ኢንቴል ሆኖ መጨረሻው ላይ ኤፍ ካለው፣ ወይም እንደ ራይዘን 5600 ያለ የ5000ዎቹ ትውልድ ሆኖ መጨረሻው ላይ ጂ የሌለው ከሆነ፣ ያለ ግራፊክስ ካርድ ምንም አያሳይህም። ቦርዱ ላይ ኤችዲኤምአይ ስላለ እንዳትሸወድ። ያኔ ካርዱን ትሰካለህ፣ የራሱን የፓወር ገመድ ትሰጠዋለህ፣ የስክሪኑን ገመድ ካርዱ ላይ ታደርጋለህ፣ ኬዝ ስለሌለ ካርዱ ብቻውን ነው የሚቆመው፣ ገመዱ እንዳይጎትተው ደገፍ አድርገው።

ማብሪያው ኬዙ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ቦርዱ ጥግ ላይ ፓወር ስዊች የሚል የተጻፈባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አድርገህ ትለቃለህ። አይዝህም፣ እዛ ጋ ያለው ቮልት ትንሽ ነው። ብቻ የጎን ፒኖቹን አብረህ እንዳትነካ ማኑዋሉ ላይ የትኞቹ እንደሆኑ ለይ።

ከዛ ታገስ። ዲዲአር5 ራም ከሆነ መጀመሪያ ሲነሳ ራሙን እየተለማመደ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። የአክስቴን ልጅ ኮምፒውተር ስገጥም ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር፣ ቦርዱ ላይ ራም የምትለው ብርቱካናማ መብራት ፍጥጥ ብላለች፣ ሶስቴ አጥፍቼ አበራሁት፣ ባጠፋሁት ቁጥር ከዜሮ እያስጀመርኩት ነው ለካ። በአራተኛው ተስፋ ቆርጬ እንደበራ ትቼው ቡና ተፈልቷል ሲሉኝ ሄድኩ፣ አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ ባዮሱ (ቦርዱ ራሱ ላይ ያለው የማስተካከያ ገጽ) ተከፍቶ እየጠበቀኝ ነው።

ባዮስ ከገባህ የፕሮሰሰሩን ስምና የራሙን መጠን እይ፣ ሙቀቱንም ትንሽ ጠብቀህ እይ፣ ቁጭ ባለበት ወደ 80 ወደ 90 እየወጣ ከሄደ ኩለሩ አልተቀመጠም። ከዛ አጥፋ፣ ከግድግዳው ንቀል፣ በካቻቢቴው አንዴ ነክተህ የቀረውን አስወጣ፣ ቦርዱ ላይ ያለችው መብራት ስትጠፋ ሁለተኛውን ራም ጨምር። ኮምፒውተሩ ጠፋ ማለት ኮረንቲ የለም ማለት አይደለም፣ ገመዱ እስካለ ድረስ 5 ቮልት ቦርዱ ላይ አለ፣ በዛ ላይ ራም መንቀል ነው ዕቃ የሚገድለው። እንደዚህ አንድ በአንድ፣ በየመሃሉ እየነቀልክ።

ጭራሽ ካልነሳ የባዮስ ባትሪዋን ለትንሽ ደቂቃ አውጣት፣ ራሙን ሌላ መግቢያ ላይ ሞክር። ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን ለማየት ከቦርዱ ነቅለህ ትልቁ ገመድ ላይ አረንጓዴውን ከአንዱ ጥቁር ጋር በሽቦ ታገናኛለህ (ገመዶቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ በግምት እንዳትሞክር)፣ ፋኑ ዞረ ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ ቢጫው ገመድ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሃል መሆን አለበት። ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ባዮስ በኋላ የወጣ ከሆነም ላይነሳ ይችላል፣ ባዮሱን በፍላሽ ማደስ ነው፣ እሱን ግን መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ማታ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ) እንዳትሞክረው።

ሱቁ ለመመለሻ ስንት ቀን እንደሰጠህ ጠይቅና ዛሬውኑ ሞክረው። ኬዝ ውስጥ ስታስገባው ደግሞ የቦርዱን ቀዳዳዎች ቁጠር፣ የኬዙን እግሮች ቁጠር፣ የተረፈች ካለች ፍታት።