ሲቀቡት የሚጠፋ፣ ሲተዉት የሚመለስ ጭርት

ጥያቄ፦ ብሽሽቴ ላይ ጭርት ወጥቶብኝ «ለማንኛውም የቆዳ ችግር ይሆናል» ተብሎ የተሰጠኝን ክሬም ቀባሁ። በሦስት ቀን ማሳከኩ ጠፋ። ስተወው ግን ከበፊቱ ሰፍቶ ተመለሰ። አሁን ሦስተኛውን ቱቦ ጀምሬያለሁ። መድኃኒቱ ለመደኝ ማለት ነው?
(የባጃጅ ሾፌር፣ ጅማ ኮቺ)

መልስ፦ ቱቦውን ያገላብጡና በትንሹ የተጻፈውን ያንብቡ። የጭርትን ፈንገስ ከሚገድለው ክሎትሪማዞል ጎን ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የሚል ካገኙ፣ የያዙት ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ክሬም ነው። ብዙዎቹ ኒዮማይሲን ወይም ጄንታማይሲንም ይጨመርባቸዋል፤ እሱ ባክቴሪያን እንጂ ፈንገስን አይነካም።

ስቴሮይዱ መቅላቱንና ማሳከኩን ቶሎ ያበርዳል፣ ስለዚህ የዳኑ ይመስልዎታል። ነገር ግን ቆዳዎ ፈንገሱን የሚከላከልበትን አቅምም አብሮ ያደክማል። ላዩ ሲረጋ ጭርቱ ከሥር ይሰፋል፤ ክብ ድንበሩ ስለሚጠፋም ሐኪም እንኳ ሲያየው ችፌ ሊመስለው ይችላል። የብሽሽት ቆዳ ስስ ነው። ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲቀባ ሸንተረር ያወጣል፣ ሸንተረሩ ደግሞ አይጠፋም። «ለማንኛውም ይሆናል» የሚባል የቆዳ ክሬም እኛ አናውቅም።

ይህን ክሬም ያቁሙ። ለጥቂት ቀናት ማሳከኩ ሊብስ ይችላል፤ ያን ፈርተው ወደ አሮጌው ቱቦ አይመለሱ። ክሎትሪማዞል 1 ፐርሰንት ወይም ሚኮናዞል 2 ፐርሰንት ብቻ ያለበትን ይግዙ። ጠዋትና ማታ ቦታውን በውኃና በሳሙና ታጥበው፣ ለብቻዎ በያዙት ፎጣ እስኪደርቅ ያድርቁ። ርጥብ ቆዳ ላይ መቀባት ፈንገሱን ማመቻቸት ነው። ከጠቋሚ ጣትዎ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚደርስ ክሬም የሁለት መዳፍ ስፋት ይሸፍናል፤ ወፍራም አድርጎ መለቅለቅ ቶሎ አያድንም። ከውጭ ወደ መሃል ይቀቡ፣ ከጭርቱ ጠርዝም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፈው ይጀምሩ። ፈንገሱ በብዛት ያለው ጠርዙ ላይ ነው፣ ጤነኛ የሚመስለው ዳርቻም ነፃ አይደለም። ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአምስተኛው ቀን፣ ማሳከኩ ሲቆም ነው። ሕክምናው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ 1 ሳምንት ይቀጥሉ። በ2 ሳምንት ምንም ለውጥ ካላዩ ወይም ሰውነትዎ ላይ ብዙ ቦታ ከያዘ፣ የሚዋጥ መድኃኒት ሊያስፈልግ ስለሚችል ወደ ሐኪም ይሂዱ። የስኳር ሕመም እንዳለና እንደሌለም ቢመረመሩ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የእግር ጣቶችዎን መሃል ይዩ። የብሽሽት ፈንገስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእግር ነው፣ የሚያሻግረውም የውስጥ ሱሪ ሲለበስ ነው። ሁለቱም እስኪድኑ ካልሲዎን ከውስጥ ሱሪዎ በፊት ያጥልቁ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለሚውሉ ጠባብ ናይለን ሱሪ ይቅርብዎት።

ጥያቄ፦ እሸት ቡና ማጠቢያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በቦቲ እሠራለሁ። የትንሿ ጣቴ መሃል ነጭ ሆኖ ይላጣል፣ ይሸታል። ቫዝሊን ብቀባ ይሻለኝ ይሆን?
(ከጅማ ዙሪያ)

መልስ፦ ቫዝሊን እርጥበቱን ያፍነዋል፣ ይተዉት። ይህ የእግር ፈንገስ ይመስላል፤ የፈንገስ መድኃኒት የሆነውን ቴርቢናፊን 1 ፐርሰንት ክሬም ካገኙ በቀን 1 ጊዜ ለ1 ሳምንት በአብዛኛው ይበቃል፤ ክሎትሪማዞል ከሆነ በቀን 2 ጊዜ እስከ 4 ሳምንት። እግርዎን ታጥበው ጣት በጣት ያድርቁ። መለወጫ ካልሲ ይዘው ይውጡና ምሳ ሰዓት ላይ ይቀይሩ፤ ማታ ቦቲውን ዘቅዝቀው ያሳድሩት። እግርዎ ካበጠ፣ መቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ካተኮሰዎት በተሰነጠቀው ቆዳ ባክቴሪያ ገብቶ ይሆናልና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጥፍርዎ ወፍሮ ቢጫ ከሆነ ክሬም ዘልቆ አይደርስበትም።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ጭንቅላት ላይ ፀጉሩ ክብ ክብ እያለ ይረግፋል። ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ ልለጥፍበት ወይስ ክሬም ልግዛ?
(እናት፣ ሕርማታ)

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፣ ክሬም ደግሞ ፈንገሱ የተደበቀበት የፀጉር ሥር ውስጥ አይገባም። የራስ ጭርት የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው። የተለመደው ግሪሲዮፉልቪን ሲሆን፣ በልጁ ክብደት ተለክቶ ለ6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ማበጠሪያና ኮፍያ አያጋሩት፣ የወንድም እህቶቹንም ራስ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ደረቴና ጀርባዬ ላይ ያለው ቋቁቻ ታክሞም ነጩ አልጠፋም።
(ተማሪ፣ ፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ፈንገሱ ሞቶም የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ሲያሹት ፎረፎር የመሰለ ነገር ካልተነሣ ደግመው አይቀቡ። ዓይንዎን ጨፍነው ሌላ ሰው ነጩን ቦታ በጥጥ ጫፍ ይንካልዎት። ካልተሰማዎት ግን ቋቁቻ ላይሆን ይችላል፤ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልግዎታል፣ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል።