ሰርቨሩን ለማን እንስጥ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«አውትሶርስ» በአማርኛ ምን ይባላል?
ሥራን ለውጭ ድርጅት በኮንትራት መስጠት። ቢሮ ውስጥ ግን ሁላችንም አውትሶርስ ነው የምንለው።

አንድ ተማሪ፣ ገንዘብ የሞላቸው ድርጅቶች ሲስተማቸውን ለሌላ የሚሰጡት ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነወይ ይላል። (የመመረቂያ ጽሑፉን እያጻፈኝ እንዳይሆን እንጂ!)
ብቻ አይደለም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1989 የዳታ ሴንተሩን (ኮምፒውተሮቹ ያሉበትን ማዕከል) ሥራ ለኮምፒውተር ኩባንያው ለአይቢኤም ሲሰጥ የፎቶ ፊልም ገበያ ጌታ ነበር። ግን ፊልም ሻጭ ኮምፒውተር ማስተዳደር ምን አግብቶት? አይቢኤም የብዙ ደንበኛ ሥራ አንድ ላይ ስለሚሠራ ወጪው ይከፋፈላል። ለማሽን በአንዴ የሚወጣው ገንዘብም የወር ክፍያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ «ኮዳክ ካደረገው» እያሉ ተከተሉ። ሰርግ ላይ እንዳለ ፉክክር በሉት። የአሜሪካው ባንክ ጄፒ ሞርጋን ቼዝ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ከአይቢኤም ጋር የ7 ዓመት፣ የ5 ቢሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከሌላ ባንክ፣ ከባንክ ዋን ጋር ሲዋሐድ ግን «አሁን ራሴን እችላለሁ» ብሎ ውሉን አፈረሰ። ወደ አይቢኤም የተዛወሩ 4,000 ገደማ ሠራተኞችንም መለሰ። መመለስ የቻለው አቅም ስላለው ነው። እርስዎስ?

የመርካቶ አስመጪ ናቸው። ፒችትሪውን (የሒሳብ ሶፍትዌሩን) የሚያውቀው ልጅ ሊለቅ ነው፤ ፓስወርዱም እሱ ጋ ብቻ ነው። ለድርጅት ልስጠው ወይ ይላሉ።
መጀመሪያ ፓስወርዱን ዛሬውኑ ይቀበሉት። አንድ ቢሮ ሄጄ «ባክአፑስ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂስ)?» ብል ሒሳብ ሠራተኛዋ መሳቢያዋን ከፍታ፣ ከስቴፕለር ሽቦና ከደስታ ከረሜላ መሃል ፍላሽ አወጣችልኝ። ሰካነው። የመጨረሻው ፋይል ከስምንት ወር በፊት የተቀመጠ ነው። እንዲህ ከሆኑ ይስጡት፤ ከእርስዎ የተሻለ ይይዝልዎታል። ግን ሥራውን እንጂ ቁልፉን አይስጡ። ዳታው የማን ነው? ስትለያዩ በስንት ቀን፣ በምን መልክ ይመለሳል? ውሉ ላይ ይጻፍ። የደንበኞች ስምና ስልክ ካለበት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ሳይፈርሙ ጠበቃ ያንብበው። ይህንን ለወግ ያህል አላልኩም፤ እባክዎ ያስነብቡ።

የአይቲ ሠራተኛ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴ ሲስተሙን ለውጭ ሊሰጥ ነው። ልፍራ?
ትንሽ ፍራ። ግን ሥራውን የወሰደው ድርጅት በውሉ መሠረት መሥራቱን የሚከታተል ሰው መሥሪያ ቤቱ ማስፈለጉ አይቀርም። ያችን ወንበር ሌላው ሳይጠይቅ ጠይቅ።

ባክአፕ ፍላሽ ላይ ብቻ ይበቃል?
ከላይ መሳቢያዋን ይመልከቱ።